የከፋይ ናት

ባለፈው ጥር ተማሪዎቼን ይዤ ከቴፒ ወጣ ብሎ በሚገኝ የቡና ማሳ ዳር ስሄድ፣ አንዱ ተማሪ በላስቲክ ጠርሙስ ከያዛት ጠጉራም ነፍሳት ዘይት ያጣ በር በስሱ ሲጥጥ እንደሚለው ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ጠርሙሱን ተቀብዬ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት፤ ያንን ድምፅ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጥፌ አዳምጠው ነበርና።

ቤታችን ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነበር። ኅዳር ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ አባቴ ደጁን ጠርጎ፣ ሰሌን ዘርግቶ ቡናውን ያሰጣ ነበር፤ በሰሌኑ ዙሪያ ሣር የተላጨው አሸዋማ መሬት ፀሐይ ሲመታው ቀይዋ ብቅ ትል ነበር። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሩት የምንጠራት እንዲህ ነበር። ወገቧ ቀይ፣ ከኋላ ጥቁር ሆና ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ ክንፍ የሌላት፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ብቻዋን ወዲያ ወዲህ የምትል ነበረች። ከቡናው ጥላ ሥር ብንፈልጋት አናገኛትም ነበር፤ የምትወደው የተረገጠ መንገድ ዳር፣ የወንዝ ዳር አሸዋ፣ ሌሎች ነፍሳት ጉድጓድ የቆፈሩበት ገላጣ ቦታ ነበር። ጣሳ ደፍተንባት ጩኸቷን እናዳምጥና እንለቃት ነበር።

እናቴ ግን ሌላ ስም አውጥታላት ነበር። ከጎጃም አባቴን ተከትላ ስትመጣ ያመጣችው፣ ጨርቁ ጠጉራምና ለስላሳ የሆነ የሠርጓ ቀይ ከፋይ ካባ በሣጥኗ ውስጥ ታጥፎ ይኖር ነበርና፣ ያቺን ነፍሳት ባየች ቁጥር «የከፋይ ጉንዳን» ትላት ነበር። ስትናገር ስለምትቸኩል የቃሏን መጨረሻ ትውጠው ነበር፤ አባቴም «ግማሹን ጎጃም ትተሽው ነው የመጣሽ» እያለ ያበሽቃት ነበር።

አንድ የጥር ረፋድ ጣሳውን አንስቼ ሩትን «ያዣት፣ ጉንዳን እኮ ናት» አልኳት። እምቢ ስትለኝ «ፈሪ» አልኳት። ያዘቻት፤ ወዲያው ነደፈቻትና ሩት ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው። የሩት እናት እትዬ ማርታ በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው የእንሰት ክፍተት ሮጠው ደረሱ። እሳቸው የከፋ ሰው ነበሩ፤ ከቦንጋ መጥተው የሰፈሩ፣ ቤታቸው ካፊኖኖ፣ ውጪ አማርኛ የሚናገሩ። እናቴ ያበጠውን ጣት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እየነከረች «አይዞሽ የሩት እናት፣ የከፋይ ናት፣ ምንም አትሆንም» አለች። እትዬ ማርታ ቀና ብለው አዩዋትና ልጃቸውን አቅፈው ሄዱ። በማግስቱ የእንሰቱ ክፍተት በቡና ቅርንጫፍ ተዘግቶ አገኘነው።

እናቴ ሩትን ማን እንዳስያዛት ስትጠይቀኝ «እኔ እንጃ» አልኩ። ኩርፊያው ሁሉ በእኔ ጥፋት የመጣ ስለመሰለኝ ብናገር የሚገድሉኝ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ተመለሰ፣ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ገባ፣ ገላጣው መሬት ሣር ለበሰና ቀይዋም ጠፋች። የሩትን መዝሙር ከእንሰቱ ማዶ እየሰማሁ ብቻዬን እጫወት ነበር። ለፋሲካ እናቴ የላከችው ዳቦ ሳይቆረስ ተመለሰ፤ «ምን በደልኳቸው?» እያለች ስትብሰለሰል እውነቱን አፌ ጫፍ አድርሼ እመልሰው ነበር።

ኅዳር ላይ ቡና መለቀም ሲጀመር ሩት ትምህርት ቤት ውኃ ልንጠጣ ተሰልፈን ሳለ ድንገት ዞራ «እናትሽ ለምን ትጠላናለች?» አለችኝ። «'የከፋ ናት፣ ምንም አትሆንም' ብላለች። የከፋ ልጅ አያመውም?»

ቤቴ እስክደርስ ሮጥኩ። እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ጀንፈል፣ ገና ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ የሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ተነሥታም ካባዋን ከሣጥን አወጣችና በብብቷ ይዛ፣ ቅርንጫፉን በእጇ ጎትታ አንስታ ወደ እነ ሩት ግቢ ገባች፣ እኔም ተከተልኳት።

«የሩት እናት፣ ከፋይ ማለት ይኸ ነው» ብላ ካባውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችው። «የነደፈቻትን ነፍሳት ነው ያልኩት፣ ልጅሽን አይደለም።»

እትዬ ማርታ ጨርቁን በመዳፋቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ቆይተውም «አሥር ወር ሙሉ መጥተሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሏት። እሳቸውም ቢሆኑ አልጠየቁም ነበር፤ ካባውን ሁለቱ አንድ ላይ ይዘው አጠፉት። የእንሰቱም ክፍተት ተመልሶ አልተዘጋም።

ዛሬ ቡናው የሚደርቀው በሽቦ አልጋ ላይ ነው፤ የቴፒ ደጆችም ሲሚንቶ ለብሰዋልና ቀይዋን ለተማሪዎቼ ለማሳየት እስከ ማሳው ዳር መሄድ አለብኝ። የዚያን ዕለት ከማሳው ስመለስ ሚዛን ነርስ ሆና ለምትሠራው ለሩት ደወልኩላት።

«ያን ጊዜ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም» አልኳት።

«እኔም አልተናገርኩም» አለችኝ። «እናቴ 'ማን አስያዘሽ?' እያለች ስትቆጣኝ 'ራሴ ነኝ' አልኳት። ካወቀች ደግመን እንድንጫወት አትፈቅድልንም ብዬ ነው።»

አሁን «ይህቺ ጉንዳን አይደለችም፣ ክንፍ የሌላት ሴት ተርብ ናት» ብዬ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼም ይጽፋሉ። ያኔ ስለ እሷ ይህን ያህል አላውቅም ነበር። እኔ ለራሴ ፈርቼ ዝም ባልኩበት አሥር ወር፣ ሩት ለእኔ ብላ ዝም ማለቷንም አላውቅም ነበር።