በሚኒባስ ውስጥ ኮከብ መለካት

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከሰዓት ለተማሪዎቼ የማሳየውን ነገር መለማመድ ጀመርኩ። አውራ ጣቴን ፊት ለፊቴ ዘርግቼ አንዴ የቀኝ፣ አንዴ የግራ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ጣቴ ከቦታዋ የምትዘል ትመስላለች።

ችግሩ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ነበረች። ከጎኗ አባቷ አሉ።

"አንተ፣ ዓይንህን ምን ነካው?" አሉኝ።

"አባባ፣ ኮከብ እየለካሁ ነው።"

"በዚህ ፀሐይ?"

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ላቤን እየጠረግኩ አስረዳሁ። ጠፈር ላይ ያለች ሳተላይት አንድን ኮከብ ዛሬ ታየዋለች፤ ከስድስት ወር በኋላ ከፀሐይ ማዶ ሆና ደግማ ታየዋለች። ኮከቡ ከኋላው ካሉት ሩቅ ኮከቦች አንጻር ፈቀቅ ያለ ይመስላል፤ በዚያ ርቀቱ ይሰላል።

"ዓይኖቼ ሳተላይቷ ናቸው፣ ጣቴ ደግሞ ኮከቡ" አልኩ።

"ልጄስ ምኑ ውስጥ ገባች?"

"እሷማ ከኋላ ያለችው ኮከብ ናት" ብዬ አረፍኩ።

ልጅቷ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። አባቷ ግን አልተቆጡም። በእርጋታ አውራ ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉና አንዱን ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያም ሌላውን።

"ወላሂ እውነትህን ነው" አሉ። "በዚህኛው ዓይኔ ጣቴ አንተ ላይ ነበረች፤ በዚያኛው በሩ ላይ ሄዳ አረፈች።"

ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ ወደ ረዳቱ ዞሩ። በግራም በቀኝም የበርበሬ እርሻ ብቻ ነው።

"ወራጅ አለ" አሉት።