በሁዳዴ ዓሣ ያወጣሁበት ኩሬ

አርባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለካና «ዕረፍት ያስፈልግሃል» አለኝ። ዕረፍት በቀን ሁለቴ የሚዋጥ ክኒን አስመስሎት ነበር። ሞያሌ፣ ያውም በኬንያው በኩል፣ ሆቴል ያለው ሰው የት ሄዶ ይረፍ? ሞባይል ከተማችን ከገባ ወዲህ ሽንት ቤት ውስጥ እንኳ ይደወልልኛል። መጻሕፍት ሞከርኩ። እኔ ግን የማነበው ከጸሐፊው ጋር ለመጣላት ስለሆነ ግፊቴ ይብስ ጨመረ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡቲዬ የሚባል ሰፈር አጠገብ፣ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ። አንድ የመንግሥት ባለሙያ ለሙከራ ብሎ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩቶች ለቀቀበትና ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ዓሣዎቹ በሰላም ተባዙ፤ የአካባቢው ቦረናዎች ዓሣን እንደ እባብ ነው የሚያዩት። ከአርባ ምንጭ የሚመጣ አንድ ሾፌር ደንበኛዬ መንጠቆና ክር ሰጠኝ፤ ዘንጉን ከአሮጌ የመጋረጃ እንጨት ሠራሁ።

ከሰዓት በኋላ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ እየሄድኩ ዳር ላይ እቀመጥ ጀመር። ምንም ባልያዝ እመርጥ ነበር፤ የተያዘን ዓሣ ማጽዳት አለ፣ መጥበስ አለ፣ ለሰው ማስረዳት አለ። ክሩ ላይ ታስሮ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ እያየሁ ማንም ምንም የማይጠይቀኝ ሁለት ሰዓት አገኘሁ።

ቶሎ ጠያቂ መጣ። የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ የሚወስኑ፣ የውሃውን ተራ የሚያስጠብቁ ቦረና ሽማግሌ ነበሩ።

«ሀበሻው፣ ምን ትሠራለህ?»

«አርፋለሁ፣ ምዜ» አልኳቸው፤ በስዋሂሊ «አባባ» እንደማለት ነው።

«ከምን?»

ዐይኔን ወደ ቡሹ መለስኩ። እሳቸው ከንጋት ጀምሮ በእግራቸው ሲዞሩ የዋሉ ሰው ናቸው።

«ይኼን አውሬ ትበላዋለህ እንዴ?»

«እበላዋለሁ።»

«እንዲህ ተርበሃል?» ብለው አዘኑልኝና በማግስቱ የፍየል ወተት ይዘውልኝ መጡ።

ሁዳዴ ሲገባ ድርቁ ጠና፤ ኩሬው ከዳር ዳሩ እየሸሸ መሐል ላይ ተሰበሰበ። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ሆቴሌ ድረስ መጡ።

«ዓሣህ ሊሞት ነው።»

«የኔ አይደለም፣ ምዜ።»

«ማን ነበር ሁልጊዜ እዚያ የሚቀመጠው?»

በእነሱ ሕግ ከውሃ የሚጠቀም ሰው ውሃውን ይጠርጋል። ዓሣው እዚያው ከበሰበሰ ከብቱ አይጠጣም፤ የሚቀጥለው ውሃ የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ የከሱት ላሞች ደግሞ አይደርሱም። ባለሙያውን የሚከስ፣ ሦስት ነጥብ ያለው ክርክር አዘጋጅቼ ነበር። የሽማግሌውን ዐይን ሳየው ገና አንደኛው ነጥብ ላይ ደከመኝ።

ሁለት አጎበር ከእንግዳ አልጋዎች ላይ ሳወርድ ሚስቴ በር ላይ ቆመች። እሷ በጾም ዓሣ ከማይቀምሱት ወገን ናት።

«በሁዳዴ ዓሣ?»

«ለመብላት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ታወጣዋለህ?»

«እንዳይሞት» አልኩ፤ ወዲያው ምን እንዳልኩ ገባኝና ወጣሁ።

አጎበሮቹን አያይዤ ሰፋሁ፤ ግን መረብ ለብቻ አይጎተትም። ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ወደ ዳር ጮህኩ፦ «አንድ ሰው ጫፉን ይያዝልኝ!» እረኞቹ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሽማግሌውን አየኋቸው።

«እኔ? ይኼን?»

«ውሃው የማን ነው፣ ምዜ?»

ዱላቸውን ዳር ላይ ተከሉ። ከዚያ በሻርፓቸው አፍንጫቸውን አሰሩና ገቡ፤ ጫፉን ይዘው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ከዳር አንዱ ጎረምሳ «ሽማግሌው ሀበሻ ሆኑ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሳቸው በኦሮምኛ የመለሱለትን መተርጎም አልፈልግም።

ስንት ጊዜ እንደጎተትን አላስታውስም። ዓሣው በየጊዜው ያልቃል እንላለን፣ በየጊዜው አያልቅም። ክርስቲያኑ በጾም፣ ቦረናው በመጸየፍ የማይቀምሰውን ምግብ አንድ ጉድጓድ ሙሉ ቀበርን። ወገቤ መቅናት እምቢ አለ። ስለ ብክነት አንድ ጥሩ ሐሳብ ልይዝ ሞክሬ ነበር፤ ሐሳቡም ሰለቸኝ።

ውሃው እስኪጠራ ጠብቀን ከብቱን ለቀቅን። ከፊት የመጣችው አንዲት አጥንቷ የወጣ ቀይ ላም ናት። አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ተነፈሰች፣ ቀና አለች።

«አንተ ትሸታለህ፣ ራቅ» አሉኝ ሽማግሌው። ራቅሁ። ላሟ አሁንም አልጠጣችም። ሊያባብሏት በዱላቸው ሲጠጉ ግን ፈንጠር ብላ ሸሸች።

እጃቸውን አሸተቱ። እኔ ወደ ራቅሁበት እሾሃማ ግራር ሥር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ላሟ ተመልሳ አንገቷን አጎነበሰችና መጠጣት ጀመረች፤ ከኋላዋ ያሉት መግፋት ጀመሩ። ሽማግሌውም ከተቀመጡበት፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ፣ የማን መንጋ እንደሚቀጥል ከሩቅ እየጮሁ አመሹ።