የጋሽ ጠመኔ ክብ

ጋሽ ጠመኔ ብየዳ ማስተማር ከጀመረ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አሁን የሚገኘው በደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ በማሰልጠኛ ኮሌጁ ግቢ ከጥበቃው እስከ ዲኑ በሌላ ስም የሚጠራው የለም። በቱታው የደረት ኪስ ነጭ ጠመኔ ሳይኖር የታየበት ቀን ስለሌለ ነው። ሰሌዳ ላይ ይጽፍበታል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። የእሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፤ ሰሌዳውንም የጓንት መስቀያ ካደረገው ቆይቷል።

ጠመኔው ለሌላ ነገር ነው። በወርክሾፑ አንድ ሕግ አለ። ሰልጣኝ ሁለት ብረት ገጥሞ ከበየደ በኋላ ቅርፊቱን በመዶሻ ያራግፋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይጠርጋል፣ ከዚያ ለአሰልጣኙ ከማሳየቱ በፊት ራሱ አጎንብሶ ይመረምራል። ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ካየ በጠመኔ ክብ ያደርግበታል። ክብ አድርጎ የመጣ ሰው ቁጣ የለበትም፤ ሞርዶ እንደገና ይበይዳል፣ አለቀ። አይቶ እንዳላየ ያለፈ ግን ወዮለት። ያን ቀን ብረት አይነካም፤ መጥረጊያ ይዞ ወለል ሲጠርግ ይውላል። ጋሽ ጠመኔ አይሳደብም፣ መጥረጊያውን ብቻ ያቀብለዋል። ሰልጣኞቹ ግን ቢሰድበን ይሻለን ነበር ይላሉ።

ይኼ ሕግ ከመጽሐፍ አልመጣም። ከታናሽ ወንድሙ እግር ነው የመጣው። ጋሽ ጠመኔ ገና ጎረምሳ ሆኖ ጋራዥ ሲሠራ አንድ መሰላል በየደ። ከላይ ሦስተኛው መወጣጫ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አየ። የመሰላሉ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ቶሎ በል ይለው ስለነበር ዝም ብሎ ቀለም ቀባባት። በሳምንቱ በዚያ መሰላል ላይ ግድግዳ ሊቀባ የወጣው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የገዛ ወንድሙ ሆነ። መወጣጫው ተገንጥሎ ጣለው። ወንድምየው ከዚያ ወዲህ እያነከሰ ነው የሚሄደው፤ ቀለም ቅቡን ትቶ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጫማ ይጠግናል። አልተቀየመውም። ቀልዱን ግን መቼ ይተዋል፤ ሰው በተሰበሰበበት ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ወንድሜን ብየዳ ያስተማረው ይኼ ነው ይላል።

እንግዲህ ጋሽ ጠመኔ በዚህ ሁኔታ ሲኖር ሲኖር፣ አንድ ቀን ጠዋት የጥራት ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊዋ ወርክሾፑ ድረስ መጣች። ከልጁ የማትበልጥ፣ ሰው አክባሪ፣ ክላሰር ታቅፋ የምትውል ልጅ ናት። የእውቅና ፈቃዱ ሊያበቃ ወር እንደቀረው፣ ለማደስ የሚመጡት ሰዎች በወሩ መጨረሻ እንደሚደርሱ፣ ከዚያ በፊት ማስረጃ ሁሉ መሟላት እንዳለበት ነገረችው። ማስረጃ የሚለውን ቃል ስድስት ጊዜ ሳትለው አልቀረችም። ጋሽ ጠመኔ ማስረጃ ከሆነ ችግር የለም ብሎ፣ እስከ ዛሬ ለስድስት መቶ ሰልጣኝ የፈረመበትን የሰርተፊኬት ግልባጭ ከሳጥን ውስጥ አውጥቶ አቧራውን እፍ አለላት።

“እነዚህማ የሰልጣኞቹ ናቸው ጋሼ፤ የእርስዎ የታለ?” አለችው።

የእሱ የለም። ሲቀጠር ማንም ሰርተፊኬት አልጠየቀውም። የብየዳ መያዣውን ከነኤሌክትሮዱ ሰጥተው በይድ አሉት፣ በየደ፣ ከነገ ጀምረህ አስተምር አሉት። አሁን ግን አሰልጣኝ ሁሉ በሙያው ተመዝኖ ብቁ የሚል ወረቀት ከሌለው የትምህርት ክፍሉ ፈቃድ አይታደስም። ፈቃዱ ካልታደሰ ደግሞ ሊጨርሱ ወር የቀራቸው ሃያ ሰባት ሰልጣኞች የሚይዙት ወረቀት የትም አይቆጠርም። ወሬው ሻይ ቤት ደርሶ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ አስተማሪ “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” ብሎ ሳቀበት። ጋሽ ጠመኔም አብሮ ሳቀ፤ በኋላ ሲያስበው አላሳቀውም።

ከሁሉ ግራ የገባው አንድ ነገር ነበር። ኃላፊዋን ቢሮዋ ድረስ ሄዶ፣ እኔን የሚመዝነኝን ማን መዘነው ብሎ ጠየቃት። ሌላ መዛኝ አለችው። እሱንስ? ከእሱ በፊት የነበረ መዛኝ። የመጀመሪያውንስ ልጄ፣ የመጀመሪያውን ማን መዘነው? ኃላፊዋ ክላሰሯን ገለጥ ገለጥ አደረገች፣ እዚያ መልስ የለም። በመጨረሻ ጋሼ፣ ቀን የለንም ብላ የመመዝገቢያውን ቅጽ ሰጠችው።

የምዘና ማዕከሉ በመጋረጃ የተከፋፈለ ትልቅ አዳራሽ ነው። ጋሽ ጠመኔ ተመዛኝ ቁጥር ዘጠኝ ተባለ። ግራና ቀኙ ያሉት ጢም ያላወጡ ልጆች ናቸው፤ አንዱማ አባባ፣ ልጅዎን ይዘው ነው የመጡት ብሎት ነበር። መዛኙ ንጹህ ቱታ የለበሰ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ወጣት ነው። ጋሽ ጠመኔ ማስኩን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ሁለቱን ላሜራ ገጠመ። እጁ ያውቀዋል፤ እሱ ባያስብም እጁ ይሄዳል። ሲጨርስ ቅርፊቱን አራገፈ፣ በብሩሽ ጠረገ፣ አጎነበሰ። ጫፉ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፣ የመርፌ ጫፍ የማታህል። ሳያስበው እጁ ኪሱ ገባ፤ ጠመኔውን አወጣና ክብ አደረገባት።

መዛኙ መጣ፣ ብረቱን አነሳ፣ ክቡን አየ። ይኼ ምንድን ነው አለ። ጉድለቱ ነው አለ ጋሽ ጠመኔ። ወጣቱ በአጉሊ መነጽር ፈልጎ ፈልጎ አገኛት። ይቺማ በመለኪያችን የምታልፍ ናት፣ እርስዎ ባያሳዩኝ አላያትም ነበር አለ። ከዚያ ቅጹን ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። ቅጹ ላይ “ተመዛኙ ሥራውን ያለ ጉድለት ማስረከቡን አረጋግጧል” የሚል መስመር አለ፤ አዎ ወይም አይደለም ነው የሚባለው። ወጣቱ ተጨንቆ አለቃውን ሊጠይቅ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነው።

“ራስዎ ጉድለት አለው ያሉትን እኛ የለውም ብለን እንዴት እንፈርም?” አለ።

እንግዲያው ሞርጄ ላስተካክለዋ ቢል ሰዓት አልቋል አሉት። በእሱ ወርክሾፕ ክብ ማለት የሥራው መጀመሪያ ነው፤ እዚህ መጨረሻው ሆነ። በወረቀቱ ላይ “ገና ብቁ ያልሆነ” ብለው ጻፉለት። ገና! በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ገና።

ወደ ቤቱ ሲሄድ በሰው አገር የጠፋ እንጂ በኖረበት መንገድ የሚሄድ አይመስልም ነበር። የትምህርት ቤቱን አጥር አየ፤ እሱ ነው የበየደው። የድልድዩን መደገፊያ አየ፤ ያም የእሱ ነው። ሰዎች ተደግፈውት ያወራሉ። ገና ብቁ ያልሆነ ሰው የበየደው ነው፣ ዞር በሉ ልበላቸው ወይስ ልተዋቸው ብሎ ቆመ። እሱ ብቁ ካልሆነ ስድስት መቶዎቹስ ምንድን ናቸው? ብቁ ከሆነ ደግሞ ይኼ ወረቀት ምንድን ነው? አንዱን ሲይዘው ሌላው ይፈታበታል። መደገፊያውን በጥፍሩ ቧጨር ቧጨር አድርጎ አለፈ።

ኃላፊዋ እንባዋ ነው የመጣው። ለምናም፣ ደብዳቤ ጽፋም፣ ሰዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር እንደገና እንዲመዘን አስፈቀደች። ሰልጣኞቹም ወሬውን ሰሙ። ከሁሉም ያስጨነቀችው አጭሯ ናት። አጭሯ የሚሏት ከብየዳው ጠረጴዛ እኩል ስለሆነች ሳጥን ላይ ቆማ የምትሠራ ሰልጣኝ ናት፤ አንድ የብረታ ብረት ድርጅት እውቅና ያለው ሰርተፊኬት ይዘሽ ነይ፣ ቦታሽ ይጠብቅሻል ብሏታል። እሷ ምንም አልጠየቀችውም። በየቀኑ ቀድማው እየገባች ወርክሾፑን ትከፍታለች፣ ይኼው ነው። ይኼ ደግሞ ከመጠየቅ የባሰ ሆነበት።

ከምዘናው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ከጫማ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። ነገሩን ሁሉ ዘረገፈለት። ወንድምየው ሶል እየሰፋ ሰማውና መርፌውን ሰክቶ ሱሪውን ሰበሰበ። ያቺ እግር ጉልበቷ ላይ ጠማማ ናት።

“ይቺን የሰበርካት አንተ ነህ። እንግዲያው የምፈቅድልህም እኔ ነኝ፤ ነገ አንድ ቀን ዝም በል። ዝም አይነቅዝም” አለው።

ጋሽ ጠመኔ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ይህን ምክር ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድምየው ጋር ተስማማች። ጠዋት ቱታውን ሲለብስ የደረት ኪሱ አፉ በወፍራም ክር ተሰፍቷል፣ ጠመኔው ከውስጥ እንዳለ። ምን አደረግሽ ሴትዮ ቢላት፣ አንተ እጅህን አታዘውም፣ እኔ ልዘዘው ብዬ ነው አለችው።

በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው መዛኝ ፊት እንደገና ተመዛኝ ቁጥር ዘጠኝ ሆነ። በየደ፣ አራገፈ፣ ጠረገ፣ አጎነበሰ። አለች! ቦታዋን ቀይራ መሃል ላይ ተቀምጣለች። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፤ ጣቱ ክሩን አገኘ። ጠመኔው በጨርቁ ስር ይዳሰሳል። መዛኙ መጣና ብረቱን አገላብጦ አየ፤ አጉሊ መነጽሩን አላነሳም። እንዲያውም እያወቀ ያላነሳው ነው የሚመስለው። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ ጋሼ፣ ሥራውን ያለ ጉድለት አስረክበዋል ወይ ብሎ ጠየቀው።

ጋሽ ጠመኔ ዝም ማለት ነበር ያሰበው። ለዝምታ ነበር የተፈቀደለት፤ ጥያቄው ግን መልስ ይፈልጋል። አጭሯ ሳጥኗ ላይ ቆማ ታየችው፣ ከኋላዋ ሃያ ስድስቱ። የመሰላሉ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ቶሎ በል ሲለው የተሰማው ሙቀት ጆሮው ላይ መጣ።

“አዎ” አለ።

ብቁ ተባለ። ሰዎቹ በተባለው ቀን መጥተው ሰርተፊኬቱን በክላሰሩ ውስጥ አዩት፣ ምልክት አደረጉ፣ ወደ ወርክሾፑም ብቅ አሉ። ኃላፊዋ ጠዋት በሰልጣኞቹ ብረት ላይ ያለውን የጠመኔ ክብ ሁሉ በጨርቅ አስጠርጋው ነበር፤ ጉድለት በዛ እንዳይሉን ብላ ነው፣ ምን ታድርግ። ሰዎቹ ንጽሕናውን አደነቁ። ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ታደሰ።

በማግስቱ ኃላፊዋ ሰርተፊኬቱን ባለ መስታወት ፍሬም አስገብታ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ ብላ ወርክሾፑ ድረስ አመጣችለት። ጋሽ ጠመኔ ተቀብሎ ከመሞረጃው በላይ ምስማር መታና ሰቀለው። ሃያ ሰባቱም አጨበጨቡ። አጭሯማ ሳጥኗ ላይ ወጥታ ነው ያጨበጨበችው። እሱ ጭብጨባው እስኪያልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ የሽቦ መቁረጫ አንስቶ የኪሱን ክር ቆረጥ ቆረጥ አደረገው፤ ጠመኔውን አወጣና በመስታወቱ ላይ፣ ብቁ የሚለው ቃል ዙሪያ፣ ክብ ሠራ።

ኃላፊዋ ክላሰሯን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገች። ከሁሉ ቀድማ የተናገረችው አጭሯ ናት፤ ጋሼ፣ ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው አለችው።

“ጉድለቱን አይቼ፣ የለም አልኩ” አላት።

ጥግ ወዳለው መጥረጊያ ሄደና አነሳው። ሁለት ሦስት ልጆች ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ፤ ፊቱን ሲያዩ ግን መልሰው ሰበሰቡ። ከበሩ ጀምሮ የብረት ብናኙን እየሰበሰበ፣ ጎንበስ ብሎ በጠረጴዛዎቹ መካከል ወለሉን ይጠርግ ጀመር። ሰልጣኞቹ መሥራት ይሁን መቆም ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። አጭሯ ጋ ሲደርስ ከሳጥኗ ላይ ወረደች፣ ሳጥኑን አነሳችለት፣ እሱም ስሩን ጠርጎ አለፈ።