ራስ የሌላቸው ኳስ ተጫዋቾች

መካነ ሰላም ላይ ጌም ቤት መክፈት አይከብድም። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። የሚከብደው አባትህ ሸህ ሲሆኑ ነው።

ሁዜይፋ የሸህ ሙጀሂድ ልጅ ነው። አባቱ ጓሮ ለደረሶች ቁርአን ያቀራሉ፤ እሱ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ኳስ ያጫውታል። ከወዲያ ቁርአን ይሰማል፣ ከወዲህ ደግሞ "አቀብለው እንጂ፣ አንተ ሆዳም" ይባላል። ጊዜው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት ግድም ነው። ልጁ አስረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣለትም። ቀበሌ "ተደራጅ" አለው፣ ከማን ጋር እንደሚደራጅ ግን አልነገረው። እርሻውን ታላቅ ወንድሙ ይዞታል። እናም ደሴ ወርዶ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ተመለሰ።

ክፍሏ የአባቱ ናት። ሸሁ አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም። አንድ ቀን ግን ጠሩት።

"የሰው ስዕል ቤቴ ውስጥ ይሮጣል አሉኝ። ስዕል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም። ከጁምዓ በኋላ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ሐራም ሆኖ ካገኘሁት ክፍሏን ትለቃለህ።"

"እሺ አባባ" አለ። ሌላ ምን ይላል። ክፍሏን ካጣ እንጀራው አለቀ።

መከራ ብቻዋን አትመጣም፤ በዚያው ሳምንት ኮምፒውተሩ ቫይረስ ያዘው። ያመጣው የደጎሎ ሚኒባስ ረዳት የሆነው ጓደኛው አምባቸው ነው፣ በዘፈን ፍላሹ።

"የኔ ፍላሽ ንጹህ ነው" አለ አምባቸው። "ዛሬ ጠዋት እንኳ በጨርቅ ጠርጌዋለሁ።"

ሁዜይፋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። የቀረው የስክሪኑ ድራይቨር ነበር። ድራይቨር የሚሉት ኮምፒውተሩ ስዕሉን ወደ ስክሪን የሚልክበት ፕሮግራም ነው፤ ካልገጠመለት ጌሙ ያብዳል። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን ሲዲ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ለካ እናቱ ራሕማ ወፍ ላስፈራበት ብላ የገብሱ ማሳ ላይ ሰቅላዋለች።

"ያብለጨልጫል ብዬ ነው" አለችው። "ደግሞ ወፏም ሸሽታለች።"

ወፏ ብትሸሽም ሲዲው ፀሐይ በልቶት አልነበበም። ቢቸግረው ደሴ የተገለበጠ፣ "የሁሉም ኮምፒውተር ድራይቨር" የተባለ ሲዲ ነበረውና እሱን ጫነ። መጀመሪያ ስክሪኑ ጨለመ። አጥፍቶ አበራው፣ ጥራቱን ዝቅ አደረገለት፤ አሁን ደግሞ የተሰነጠቀ መስተዋት መሰለ። ቀለሙን ቀነሰ፣ ጌሙን ነቅሎ እንደገና ጫነ። በመጨረሻ ተከፈተ። ሳሩ አለ፣ ማሊያው አለ፣ ጫማው አለ። ራስ ግን የለም። ከማሊያው ኮሌታ በላይ አየር ነው።

አምባቸው አግዳሚው ላይ ተንፈራፍሮ ሳቀ። "አሁን እነዚህ ቴስታ በምናቸው ሊገጩ ነው?" ሳይጨርስ ኳሷ ከተጫዋቹ አንገት በላይ ነጥራ መረብ ውስጥ ገባች። ሳቁን አቆመ። "ራስ የሌለው ሰው በቴስታ አገባብኝ" አለ።

ጁምዓ ደረሰ። ሸሁ ገብተው ተቀመጡ፣ ስክሪኑን አዩ።

"ራሳቸው የት አለ?"

"የላቸውም አባባ።"

"ከመጀመሪያውም እንዲህ ናቸው የተሠሩት?"

"አዎ፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያሉትን የመረጥኩት።"

የሸሁ ፊት በራ። "ዓሊሞች ስዕል ማለት ራስ ነው ብለዋል። ራሱ ከሌለ እንደ ዛፍ ነው። ዛፍ ሲሮጥ አላየሁም እንጂ ነውርም የለው።" ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አላህ ይጨምርልህ ልጄ። እንዲህ ያለ ልብ አለህ ብዬ አላሰብኩም።"

አባቱ ሲያመሰግኑት ሁዜይፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያኔ ነው፣ ባልሠራው ሥራ።

ከዚያ በኋላ ሸሁ መስጊድ ሲሉ ገበያ ሲሉ "የልጄ ጌም ራስ የለውም" እያሉ አወሩ። ሽማግሌዎች እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ማሻአላህ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ሽማግሌ ደግሞ አይጫወትም። የሚጫወቱት ልጆች መናኸሪያው ጋ ወደተከፈተው ጌም ቤት ነጎዱ። እዚያ ተጫዋቹ ሁሉ ራስ አለው፣ ፀጉሩን ሳይቀር ተቀብቷል።

አምባቸው ትክክለኛውን ድራይቨር ከወረኢሉ አፈላልጎ አመጣለት። "ጫነውና ሰው እንሁን።"

"አባባስ?"

"ሸሁ ሲያቀሩ ራስ ይኑራቸው። ሲወጡ ቁረጣቸው።"

ሁዜይፋ እንደዚያው አደረገ። ጠዋት ደህናውን ድራይቨር ይጭናል፤ የቀትሩ ዙህር ሶላት ሳይደርስ ነቅሎ ብልሹውን ይመልሳል። ደህናውን ኮምፒውተር ለማበላሸት በየቀኑ የሚደክም ሰው በወረዳው ውስጥ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ልጆቹም ለመዱት። "ቶሎ በሉ፣ ራስ ሳይነሳ" እየተባባሉ ይጫወታሉ።

አንድ ቀን ጨዋታ መሀል መብራት ጠፋ፣ ደህናው ድራይቨር እንደተጫነ። ዙህር አለፈ፣ መብራት የለም። መብራት ከሌለ መንቀል የለም። ሁዜይፋ ዛሬስ ማንም አይመጣም ብሎ ተቀመጠ። ሸሁ ግን ከወረኢሉ የመጡ አንድ ትልቅ ሸህ አስከትለው ከች አሉ፤ ሊያሳዩዋቸው ነው። ገና አረፍ ከማለታቸው መብራት መጣ። ሁዜይፋ ማብሪያ ቁልፉን ሳይነካ፣ መብራት ሲጠብቅ የቆየ አንድ የቸኮለ ልጅ ኮምፒውተሩን አብርቶ ጌሙን ከፈተው። የጌሙ መክፈቻ ላይ ጎል ያገባ አንድ ጢማም ተጫዋች፣ ጥርሱን እያሳየ፣ ፊት ለፊታቸው መጣ።

"ሸህ ሙጀሂድ" አሉ እንግዳው ቀስ ብለው፣ "ራስ የለውም ያሉኝ ይሄንን ነው?"

ሸሁ "አፉ ይበሉኝ" ብቻ አሉና እንግዳቸውን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ልጃቸውን አስጠሩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

"ራስ አላቸው ብትለኝ ምናልባት እችለው ነበር። አንተ ዋሸኸኝ፤ እኔም ያንተን ውሸት ተሸክሜ ወረኢሉ ድረስ ዋሸሁ። ክፍሏን ልቀቅ።"

ይችሉት ነበር ብሎ የሚያምን በሰፈሩ አንድ ሰው የለም። ሁዜይፋ ግን አመናቸው፣ የጎዳውም ማመኑ ነው። ክፍሏን አጽድቶ ለደረሶች ማደሪያ አስረከበ። ኮምፒውተሩን የመናኸሪያው ጌም ቤት ወሰደው፤ እሱም አብሮ ተቀጠረ። ስክሪን በተበላሸ ቁጥር እሱን ይጠራሉ፤ ራስ በመመለስ የታወቀ ነው።

ሸህ ሙጀሂድ ገበያ ሲወርዱ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ትተዋል። እግራቸውን ቢያማቸውም በታች ዞረው ይሄዳሉ። ሁዜይፋ ይህን ከእናቱ ሰማ። ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን ጠዋት የጌም ቤቱን በር ይዘጋና ጭልም ባለው ክፍል ውስጥ ቁጭ ይላል፣ አባቱ በአጭሩ መንገድ ይለፉ ብሎ። ይህን ለእሳቸው የነገራቸው የለም። አሁንም በታች ዞረው ይሄዳሉ።