የማይቆርጥ ቢላዋ

በሰፈሩ ሰው ዘንድ መጠሪያው «አያምኔ» ነበር። ሥራው በመቃብር ላይ የሚቆመውን ድንጋይ ጠርቦ ማለስለስና የሟቹን ስም መቅረጽ ነው። መጠሪያው ያለ ነገር አልወጣለትም። ቤተሰብ የሟቹን ስም በወረቀት ጽፎ ሲያመጣለት ወረቀቱን አያምንም፤ መታወቂያ ያስመጣል። መታወቂያውንም አያምንም፤ ለቅሶው ቤት ድረስ ሄዶ ታላቁንም ታናሹንም ለየብቻ ይጠይቃል። «ወረቀት ይቀደዳል፤ ድንጋይ ግን ከዋሸ ዋሽቶ ይቀራል» ይል ነበር። ጎረቤቶቹም «አያምኔ አስከሬኑን ቆንጥጦ ካላየ መሮ አያነሣም» እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ ጆሮው ሲደርስ አይስቅም፤ አይቆጣምም።

የሚሠራበት ስፍራ ከመቃብሩ አጥር ጋር የተለጠፈ የቆርቆሮ ዳስ ነበር። መስኮት የለውም። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ጨረር ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ትቢያው ከአየሩ ላይ አይወርድምና። የውሃው ጀሪካን፣ በሚስማር የተሰቀለው ካፖርት፣ የጠራቢው ቅንድብ፣ ሁሉም አንድ መልክ ይዘዋል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በር ላይ አቁማ በመጥረጊያ ታራግፈዋለች። «ዛሬስ የመጣልኝ ሰው ነው ወይስ ሐውልት?» ትለዋለች።

ሳሉ በክረምት ጀመረው፤ በበጋም አልተወውም። ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ተመለከተና፣ ሳንባው የድንጋይ ብናኝ እንደ ጠጣ፣ የገባውም ተመልሶ እንደማይወጣ ነገረው። «መሮውን ከዛሬ ጀምረው ካስቀመጡ ገና ዕድሜ አለዎት። ካላስቀመጡ ግን በቁምዎ ራስዎን እየቀበሩ ነው» አለው። እርሱም እንደ ልማዱ አላመነም፤ ፎቶውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ሌላ ሐኪም ሄደ። ሁለተኛው ሐኪም የፊተኛውን ቃል ደገመለት። ያን ዕለት አመነ።

የሚስቱ ወንድም በአንድ መድኃኒት ቤት ይሠራ ስለ ነበር የበር ጠባቂነት ቦታ ለመነለት። «ወንበር ላይ ተቀምጦ የገባውን የወጣውን በዓይን መመርመር ነው» አለችው ሚስቱ። «እንዲህ ያለውን ሥራ የፈጠሩት አንተን አስበው መሆን አለበት።» የመድኃኒት ቤቱም ባለቤት እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ አለ።

ከዳሱ ማዶ በምትገኝ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ጡረታ የወጣ መምህር ይኖር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የግሪኮችንና የጀርመኖችን ፍልስፍና፣ ይኸውም የመኖርንና የማሰብን መሠረታዊ ሕጎች ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ሚስት አላገባም፤ ተማሪም አልቀረለትም። ከሰዓት በኋላ እየመጣ ባልተጠረበ ድንጋይ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ይቀመጥና ያወራል። ጠራቢው መሮውን እየመታ ይሰማል፤ የሰማውንም ልክ እንደ ሟች ስም ይመረምራል።

«የመጀመሪያው ሕግ» አለ መምህሩ አንድ ቀን፣ «ያለ ነገር አለ፤ የሌለ ነገር የለም የሚል ነው።»

«ይህን ለማወቅ ግሪክ ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር?»

«ግሪኩ የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው የተወለደው።»

«ይቀጥሉ።»

«አንድ ነገር በአንድ ጊዜና በአንድ መልኩ ነውም፣ አይደለምም አይባልም።»

ጠራቢው መሮውን ገታ አደረገ። «ይህስ እውነት ነው። ፊደሉ ወይ ተቀርጿል ወይ አልተቀረጸም።»

«ጀርመኖቹ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም አሉ።»

«እርሱንም እቀበላለሁ» አለና ሳሉ ተነሥቶበት ደረቱን ያዘ።

መምህሩ ስለ ሐኪሙ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ጠራቢው የቤቱን ነገር ወደ ደጅ የሚያወጣ ሰው አይደለምና። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ስለ ምንነት ሲናገር፣ አፉ እንዳመጣለት ተናገረ። «የአንድ ነገር ምንነት በሥራው ነው። ቢላዋን ቢላዋ የሚያሰኘው መቁረጡ ነው። የማይቆርጥ ቢላዋ በስሙ ብቻ ቢላዋ ነው፤ አንተ ድንጋይ ላይ የምትቀርጸው ዓይን በስሙ ብቻ ዓይን እንደ ሆነ ሁሉ።»

ጠራቢው የመሮውን ስለት በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰ። በመጨረሻም፣ «ድንጋይ የማይጠርብ ድንጋይ ጠራቢስ?» ሲል ጠየቀ።

የመምህሩ ፊት በራ። በማስተማር ዘመኑ ሁሉ ምሳሌውን ተቀብሎ ከራሱ የቀጠለለት ተማሪ አልገጠመውም። «እርሱማ» አለ ደስ እያለው፣ «በስሙ ብቻ ነዋ።»

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ የተተኮሰ ሸሚዝ ይዛ ጠበቀችው። እርሱ ግን ትቢያ የጠገበውን ካፖርቱን አነሣ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሥራዬ።»

«ሥራህ ያለው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ነው።»

«እዚያ የሚቀመጠው እኔ አይደለሁም፤ ስሜ ነው።»

«ስምህም ይበቃኛል» አለች ሸሚዙን ሳታወርድ። «እርሱ ይቀመጥ፤ ማታ ማታም እየመጣ ራቱን ይብላልኝ። ለመሆኑ ይህን ማን አስተማረህ?»

ነገራት። እርሱ ወደ ዳሱ ሲሄድ እርሷ የመምህሩን በር አንኳኳች።

«መምህር፣ ባሌን ምን አሉት?»

መምህሩ የቢላዋውን ነገር ፈገግ እያለ አጫወታት። እርሷም የሐኪሞቹን ቃል ነገረችው። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አላወቅሁም፣ እኅቴ። አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም።»

«እርሱ ለማን ነግሮ ያውቃል። እርስዎ ግን ይህን ያህል ዘመን ሲያስተምሩ፣ በዚህ ትምህርት የሞተ ሰው አለ?»

«የታዘዘለትም የለም» አለ መምህሩ። «ያደንቁታል፣ ይፈተኑበታል፣ ይሄዳሉ።» ይህን ጊዜ አለቀሰች።

መምህሩ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ዳሱ ደረሰ፤ ጋዜጣም ሳያነጥፍ ተቀመጠ። «ሌሎቹ ጀርመኖች ደግሞ ነገር ሁሉ በመለወጥ ላይ ነው ይላሉ። ስንዴ ዱቄት የሚሆነው ስንዴነቱን ትቶ ነው። የቀድሞውን መተው መጥፋት አይደለም።»

«ስንዴውን ጠይቀውታል?»

«ወንድሜ፣ ስማኝ።»

«እየሰማሁ ነው። ቅዳሜ በስሙ ብቻ ነው አሉኝ፤ ዛሬ አይደለም አሉኝ። አንድ ነገር ነውም አይደለምም አይባልም ያሉኝም እርስዎ ነዎት።»

«አንተ ቢላዋ አይደለህም። ከጀርመኖቹ አንዱ በግልጽ ተናግሮታል፦ ዕቃ ለሌላ ነው፤ ሰው ግን ለራሱ ነው። ሰውን እንደ ዕቃ በአገልግሎቱ መመዘን ስሕተት ነው።»

ጠራቢው መዶሻውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ቃሉ ውስጡ ገባ። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ያለው ወንበር ታየው፤ ጥላ ያለው፣ ትቢያ የሌለበት ቦታ ነው፤ ተቀምጦ ሳይስል የሚተነፍስ ራሱን አየ።

«ይህን ቃል መቼ አወቁት?» አለ።

«ከወጣትነቴ ጀምሮ።»

«ቅዳሜ ያውቁት ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን አልነገሩኝም?»

መምህሩ ዓይኑን ወደ ጀሪካኑ መለሰ።

«እኔ ልንገርዎት። ሚስቴ መጥታ አልቅሳብዎ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም። የቅዳሜው ቃል ማንም ሳይገፋው መጣ፤ የዛሬው በእንባ ተገፍቶ መጣ። እኔ ደግሞ የሟች ዘመድ እያለቀሰ የነገረኝን ስም ቀርጬ አላውቅም።»

ቃሉ እውነት እንደ ነበር፣ እውነትም ዘግይቶ ስለ መጣ ሐሰት እንደማይሆን መምህሩ ሊያስረዳው ተነሣ። ነገር ግን ጠራቢውን ሳል ያዘው፤ መምህሩም ጀርባውን ደግፎት ቆመ። ሳሉ ሲበርድለት ጠራቢው መሮውን አነሣ።

ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት አፉንና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ ታስርለት ጀመር። መምህሩም ማውራቱን ትቶ ጀሪካኑን አነሣ፤ ትቢያው እንዳይነሣ ከመሮው ጫፍ ሥር ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

«እንግዲህ ውሃ አፍሳሽ ሆነዋል» አለው ጠራቢው አንድ ቀን። «መምህርነቱስ?»

«በስሙ ብቻ ነው።»

ሁለቱም አልሳቁም።

ክረምቱ ሲገባ ትልቁ መዶሻ ከበደው፤ ትንሹን ያዘ። ከዚያ ትንሹም ከበደው። አንድ ከሰዓት በኋላ የአንዲት አዋላጅ ስም ሲቀርጽ እጁ ቆመ። ጠራቢው ፊደሉን የሚመረምር የመሰለው መምህር ውሃውን ማንጠባጠቡን አላቆመም። መሞቱን ያወቀው መሮው ከጠራቢው ጣቶች መካከል ወልቆ መሬት ሲወድቅ ነው።

ከቀብሩ በኋላ መምህሩ ከጡረታዬ ቀንሼ ድንጋይ ላስጠርብ፣ ሙያውም ይጻፍበት አለ። «የሞተለት ነውና» አላት።

«የሞተበት ነው» አለች ሚስቱ። «ደረቱ ውስጥ ያለው ይበቃዋል፤ ሌላ ድንጋይ አይጫንበትም።»

ይህን የጻፈው ሰው የሰማውን ብቻ ይዞ አልተቀመጠም፤ መቃብሩ ድረስ ሄዶ አይቷል። የቆመው የጥድ ሰሌዳ ነው። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። የሟቹ ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን አለበት፤ ሙያው አልተጻፈበትም።