ከሆዴ የወጣው ሰማያዊ

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንጀቴ ተጠማዝዞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ በኋላ ኮዬ ፈጬ፣ አክስቴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተኝቼ አገግማለሁ። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከወሎ መጥታ አቃቂ፣ በሰቃ ገበያ ጨርቅ የምትነግድ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለች ድምፅዋ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት። ስታመም ሱቋን ቆልፋ አጠገቤ ተቀመጠች።

አንድ ጠዋት ከስፌቱ መሃል ቢጫ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ውሃ መንጠብጠብ ጀመረ። ሽታው የቁስል አልነበረም፤ የሆድ ዕቃ ነው።

«ንፋስ ገብቶት ነው» አለች አክስቴ። «የአራስ ሆድስ ቢሆን፣ ካልታሰረ መች ቦታው ይመለሳል?»

የሰፈሩን አራስ ሁሉ የምታስረው እሷ ናት። ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፋ ቁስሉ ላይ ጣለችና ረጅሙን መቀነት ዙሪያዬን ጠምጥማ ሳበችው።

«አክስትዬ፣ መተንፈስ አቃተኝ!»

«ታወሪ የለ እንዴ? እያወሩማ መታፈን የለም።»

ሳቁ ራሱ አመመኝ። ግን ውሃው ቆመ። ጎረቤት ሁሉ «እጅሽ መድኃኒት ነው» አላት።

በማግስቱ ከሰዓት ብርድ ብርድ አለኝ፤ ከዚያ እሳት ሆንኩ። መጋረጃው እንደ ወንዝ ሲፈስ አየሁ። ፎቆቹ ከመሬት ተነቅለው፣ ድሮ በነበረው የጤፍ ማሳ ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ታች የታክሲው ረዳት «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ሲል ድምፁ ከሆዴ ውስጥ የሚወጣ ይመስለኛል። ፈራሁ ልላችሁ አልችልም፤ ከፎቆቹ ጋር መሄዱ ደስ ይል ነበር። የፈራችው አክስቴ ናት፤ ታክሲ ጠርታ ይዛኝ ሮጠች።

ሆስፒታል ነርሷ መቀነቱን ስትፈታው የታፈነው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ ውስጤ መግል ቋጥሯል፤ ቀጭን ቱቦ ሰደው ቀዱት። ትኩሳቱ ሲበርድልኝ ሐኪሙ ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ አጠጣኝ። ከዚያ ሁላችንም ሆዴን እያየን ጠበቅን። ቆይቶ፣ ነጩ ፋሻ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቅ አለች። ሰፋች። የጠጣሁት ሰማይ በራሴ ቆዳ በኩል የሚነጋ መሰለኝ።

«ፊስቱላ ይባላል» አለ ሐኪሙ። «አንጀቷ ተበስቶ ወደ ቆዳ መንገድ አውጥቷል።»

«ታዲያ ብደፍነው ምን አጠፋሁ?»

«እናቴ፣ ከውጭ ሲደፍኑት ወደ ውስጥ ይመግላል። ከውስጥ ራሱ እስኪዘጋ ይፍሰስ። እንቢ ካለ እንደገና እንከፍታታለን፤ አሁን ግን አቅም የላትም፣ ያሰጋታል።»

አክስቴ መቀነቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሥራችን መጠበቅ ሆነ። መጀመሪያ በአፌ ምንም አይገባም፤ ጉሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ቁስሉ ላይ ከረጢት ተለጠፈ፣ ፈሳሹ ቆዳዬን እንዳይበላው ዙሪያው ነጭ ቅባት ተቀባ። የከረጢቱን አፍ በቁስሉ ልክ መቁረጥ ነርሷ አክስቴን አስተማረቻት።

ጠያቂ ምግብ ይዞ ይጎርፋል፤ ባዶ እጁን በሽተኛ የሚጠይቅ የለማ!

«ኧረ አንዲት ጉርሻ እንኳ ትቅመስልኝ!» ትላለች ጎረቤታችን።

«ለኔ አጉርሺኝ» አክስቴ አፏን ትከፍታለች። «የኔ አንጀት ቀዳዳ የለውም።»

በኋላ ወተትና እንቁላል በትንሽ በትንሹ ተፈቀደልኝ። የከረጢቱ ፈሳሽ እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄደ። ወራት አልፈው አንድ ጠዋት ደረቀ። አክስቴ አላመነችም። ሐኪሙ ጫን ጫን እያደረገ አየኝና «ተዘግቷል፤ ቀዶ ሕክምናው ቀርቷል» አለን።

ቤት በገባን ማግስት አክስቴ ጾም ያዘች። ለካ ሳትነግረኝ «ትዳንልኝ እንጂ እጾማለሁ» ብላ ተስላ ኖሯል። ለእኔ ቁርስ አቅርባ እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ሰሃኑን አጥባ፣ አውቶቡስ ይዛ በሰቃ ወረደችና ሱቋን ከፈተች።