የጠብታ ፍተሻ

ሰውዬው አሮጌዋን ባለሁለት በር የስፖርት መኪናውን በባዶ እጁ አይነካትም፤ ነጭ ጓንት አለው። መካኒኩ ፀሐይ የሰነጣጠቀውን የመስኮት ጎማ ነቅሎ አዲሱን በሳሙና ውሃ እያሟለጨ ሲያስገባ፣ አናቱ ላይ ቆሞ «ቀስ በል፣ እንዳያማት!» ይለዋል። ሚስቱ ኮቱን ታቅፋ ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች። ተቀመጪ ያላት የለም።

ጎማው ገብቶ ሲያልቅ ውሃ እንዳያሳልፍ ይፈተሻል፤ አንዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ በቱቦ ይረጫል።

«እሷ ትግባ፣ ምን ሥራ አላት!» አለ ሰውዬው። ጫማዋን አስወልቆ፣ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ አስቀመጣት። «ጠብ ሲል በጣትሽ አሳዪን» ብሎ በሩን ዘጋባት።

መካኒኩ ውሃውን ለቀቀው። መስታወቱ ላይ ከሚወርደው ውሃ ኋላ አፏ ተከፍቶ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። ድምፅ አይሰማም። ጣቷንም አላነሳችም። ስንት ዓመት እንዲህ የሚያለቅሱበት ቦታ ስትፈልግ ኖራ ይሆን? እጁ ላላ።

«ጨምርበት እንጂ!» አለው ሰውዬው።

ጨመረበት።

በሩ ሲከፈት ፊቷ እስከ አገጯ ርሶ ነበር። ሰውዬው ክው አለ። በክንዷ ጎትቶ አወጣትና ጓንቱን አውልቆ ወንበሩን፣ ጣሪያውን፣ የጎማውን ጥጋጥግ ሁሉ በባዶ እጁ ዳበሰ። ከዚያ ፊቱ ፈካ።

«ደረቅ ነው! አንድ ጠብታ አልገባም። እጅህ ይባረክ!»

ሴትዮዋ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። መካኒኩ እግሮቿን እያየ «አሜን» አለ።